ሐረጎ ላይ በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው ካሳ፦ ሽማግሌ ያመጣውን ወረቀት እንፈርም ወይስ እንክሰስ?

አዝዋገደል
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ዳር ይዞ በእግሩ ሲሄድ፣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ገጭቶ ገደለው። አራት ወር ሆነው። ሚስቱ፣ የ11 እና የ6 ዓመት ልጆቹ፣ እናታችንም አሉ። ሾፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ የወንጀል ምርመራው አላለቀም። አዲስ አበባ የሚኖረው ባለንብረት ደግሞ ሽማግሌ ልኮ «150 ሺህ ብር ተቀብላችሁ ፈርሙ» እያለን ነው። እንፈርም? ካልሆነስ ማን፣ የት፣ ማንን ይከሳል?

ጦሳ
ያጥናችሁ ወንድምዓለም። ከፊርማው ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። «ካሳችንን ተቀብለናል፣ ከእንግዲህ የምንጠይቀው የለም» የሚል ወረቀት ከተፈረመ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የግልግል ስምምነት ነው፤ በቁጥር 3312 መሠረት በፈራሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ኋላ ክስ ስትከፍቱ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያቀርበው ያችን ወረቀት ነው። ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ ተቀበሉ፣ እርቁም ደም ያደርቃል። ገንዘብ ከተሰጣችሁ ግን ወረቀቱ «ለቀብርና ለለቅሶ ወጪ የተሰጠ፣ የካሳ መብታችን እንደተጠበቀ» ይበል። የልጆቹን ድርሻ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳያየው ማንም አይፈርምበት። እርቅ የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፤ ለሾፌሩ ቅጣት ማቅለያ ነው የሚሆነው።

የፍሬኑ ነገር አያስጨንቃችሁ። በቁጥር 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር» የሚሉትን መከላከያዎች ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ የሚያድነው ጉዳቱ በሟቹ ጥፋት ብቻ መድረሱን ካስረዳ ነው። ስለዚህ የሚከራከሩት ወንድምህ መሐል መንገድ ገብቶ ነበር ብለው ነው። በዚያ ተዘጋጁ።

ከሳሾቹ በቁጥር 2095 ሚስት፣ ልጆችና ወላጅ ናቸው። ወንድም በራሱ ስም መጠየቅ አይችልም፤ በውክልና ግን ልትከታተልላቸው ትችላለህ።

ፒያሳ
የወንጀሉ ፍርድ ሳያልቅ የፍትሐ ብሔር ክስ ባትከፍቱ ይሻላል። ሾፌሩ ጥፋተኛ ከተባለ ሥራው ያልቃል።

ጦሳ
@ፒያሳ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በዚህ ምክር ነው። የካሳ ክስ ይርጋው (የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ) ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን 2 ዓመት ነው (ቁጥር 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፣ ግን እዚያ ክርክር ውስጥ ምን አስገባን? የወንጀል መዝገብ በቀጠሮና በምስክር አለመቅረብ ይጓተታል። ሾፌሩ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ቁጥር 2149 የካሳውን ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ አያስረውም። አሁኑኑ ክፈቱ።

ቦርከና
ጦሳ ሕጉን ነግሯችኋል፤ እኔ ወረቀቱን ልጨምር።

መጀመሪያ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ኮፒ በፍርድ ቤት ትእዛዝም ቢሆን አውጡ። መንገዱ ስንት ሜትር ስፋት እንዳለው፣ አስከሬኑ ከአስፋልቱ ጠርዝ በስንት ሜትር እንደተገኘ፣ የጎማ ጭረት መኖር አለመኖሩን እዩ። አስከሬኑ ከጠርዙ ውጭ ከሆነ «መሐል ገባ» የሚለው ክርክር እዚያው ወደቀ። የሳቢውም የተሳቢውም ታርጋ መጻፉን አረጋግጡ፤ ተሳቢው የራሱ ታርጋና ሊብሬ አለው፣ አንዳንዴ ባለቤቱም ሌላ ነው። ሊብሬው በአንድ ሰው ስም ሆኖ መኪናውን በውክልና የገዛ ሌላ ሰው ካለ ሁለቱንም ተከሳሽ አድርጉ። አንዱን ብቻ ከሳችሁ «እኔ አይደለሁም» ሲል ስድስት ወር ይባክናል።

ቀጥሎ የአስከሬን ምርመራ ውጤትና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ እናትየው እናት መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ። ስሞቹ በፊደል ይመሳሰሉ፤ አንዱ ላይ «መሐመድ» ሌላው ላይ «ሙሐመድ» ከሆነ ክሱ ሳይገባ አስተካክሉ። ሚስትየው ለልጆቹ የሞግዚትነት ማስረጃ ታውጣ። የወራሽነት ማስረጃ ብቻ ይዞ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ይህ ካሳ የእያንዳንዳቸው የራሳቸው መብት እንጂ ውርስ አይደለም።

ባለንብረቱ አዲስ አበባ ነዋሪ ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ውክልና የሚያየው ደሴ ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት ከገባ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ከክሱ ጋር አንድ ቀን መኪናው እንዳይሸጥ የእግድ ማመልከቻ አስገቡ፤ እግዱ መኪናው ለተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ይጻፍ። ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ መኪናውን ስለሚለቅ ከዚያ በፊት ይድረስ። የዳኝነት ክፍያ ከከበዳችሁ የቀበሌ ማስረጃ ይዛችሁ በድሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ።

አዝዋገደል
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መድን ድርጅቱስ ሁሉንም ይከፍላል? ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ የተጣራ ደመወዙ 9 ሺህ ብር ነው።

ጦሳ
መድን ድርጅቱን ሁለተኛ ተከሳሽ አድርጉት፣ ግን የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ ለሞት ካሳ ጣሪያው 40 ሺህ ብር ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን ከድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ከጣሪያው በላይ ያለው ከባለንብረቱ ኪስ ነው፣ ሽማግሌ የሚልከውም ለዚህ ነው። መኪናው መድን ባይኖረው ኖሮ ወደ መድን ፈንድ ነበር የምትሄዱት። የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም (ቁጥር 2116)፤ በእሱ ላይ ጉልበት አትጨርሱ።

ትልቁ ገንዘብ የቀለቡ ነው፣ ሟቹ ለቤተሰቡ መተዳደሪያ ይሰጥ የነበረው። ለምሳሌ ከ9 ሺው ለራሱ የሚያወጣውን 3 ሺህ ቀንሱ፣ 6 ሺህ ይቀራል። ለአራት ቢካፈል ለእያንዳንዱ በወር 1,500 ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ 18 እስኪሞላው 84 ወር፣ 126 ሺህ ብር። የ6 ዓመቱ 144 ወር፣ 216 ሺህ። የሁለቱ ልጆች ብቻ 342 ሺህ ሆነ፤ ሚስትና እናት ገና አልተነኩም። ክፍፍሉን ዳኛው ሊለውጠው ይችላል፣ መጠኑ በትክክል ካልታወቀም በርትዕ (ተገቢ መስሎ በታየው ፍትሐዊ ግምት) ይወስናል (ቁጥር 2102)። ያለ ማስረጃ ግን ርትዕም ያንሳል። ከፋብሪካው የደመወዝ ደብዳቤና የመጨረሻዎቹን ወራት ፔሮል በማኅተም አውጡ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ይካተት።