አስቸኳይ ጥያቄ፦ የጎን እይታውን ተከትዬ የበሳሁት ቀዳዳ በተቃራኒው ጎን ሆኖ ተገኘ

ባለቶርኖ፣ ኮምቦልቻ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኩሽኔታ ቤት እንድሠራ በኮምፒውተር የተነደፈ ሥዕል ከደንበኛ ደረሰኝ። የጎን እይታው ከፊት እይታው በስተቀኝ ስለተቀመጠ የግራሶ መስጫውን ቀዳዳ በቀኝ ጎን በሳሁት፤ ሲገጠም ግን ያ ጎን ከማሽኑ አካል ጋር ስለሚጋጠም ግራሶ ማስገባት አልተቻለም። የቀረኝ አንድ ብረት ብቻ ሲሆን ደንበኛው ነገ ጠዋት ከደሴ ይወርዳል። ነዳፊው የተሳሳተበትን ሥዕል እንዴት ላርመው?

የንድፍ መምህር፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። የዕቃው እይታዎች በሥዕል ላይ የሚቀመጡባቸው ሁለት ሥርዓቶች አሉ፤ ፈርስት አንግልና ሰርድ አንግል። በፈርስት አንግል አሠራር ዕቃው በተመልካቹና በሥዕሉ ገጽ መካከል እንዳለ ስለሚታሰብ ምስሉ ከዕቃው ጀርባ ያርፋል፤ ስለዚህ ከላይ የታየው ከፊት እይታው በታች፣ ከግራ የታየው ደግሞ በቀኙ ይቀመጣል። በሰርድ አንግል ግን ገጹ እንደ መስታወት በተመልካቹና በዕቃው መካከል ስለሚቆም ከላይ የታየው ከላይ፣ ከቀኝ የታየው በቀኝ ይሆናል። አውሮፓና ቻይና በአብዛኛው የመጀመሪያውን፣ አሜሪካና ጃፓን ሁለተኛውን ይጠቀማሉ።

የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ፦ «ነዳፊው ተሳሳተ» በሚለው አልስማማም። ሥዕሉ ትክክል ሆኖ ንባቡ ሊሳሳት ይችላል። እባክህ ምንም ነገር አታርም፤ የታረመ ትክክለኛ ሥዕል ከተሳሳተ ሥዕል የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ነዳፊ፦ በሥዕሉ ግርጌ ባለው የርዕስ ሰንጠረዥ ውስጥ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣና ሁለት ክቦች ያሉበትን ምልክት ፈልግ። ክቦቹ ከሾጣጣው ሰፊ ጫፍ አጠገብ ከሆኑ ፈርስት አንግል፣ ከጠባቡ አጠገብ ከሆኑ ሰርድ አንግል ነው።

ተማሪ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ምልክቱን ይመልከቱ። ሥዕሉ በሶሊድወርክስ (የንድፍ ሶፍትዌር) የተሠራ ከሆነ በሉሁ ማስተካከያ ውስጥ የተመረጠው አንግል ተጽፎ ይገኛል።

ባለቶርኖ፣ ኮምቦልቻ፦ የደረሰኝ የታተመ ወረቀት ብቻ ነው። ክቦቹ ከሰፊው ጫፍ አጠገብ ናቸው። እንግዲያው ያንኑ ቀዳዳ ወደ ግራ ጎን ላዛውረው?

ነዳፊ፦ በግራ ጎን መሆኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የፊት እይታውንም አረጋግጥ፤ ወደ ኩሽኔታው ቀዳዳ የሚያመሩ የተቆራረጡ መስመሮች (ከውጭ የማይታየውን የሚያሳዩ) ከተሳሉ፣ የሚነሱበት ጠርዝ የትኛው ጎን እንደሆነ ያለ ምልክቱም ይነግርሃል።

የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ፦ ከመብሳትህ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ብረት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ጎኑን ብቻ ቀይረህ ርቀቱን እንደ በፊቱ ከለካህ እንደገና ትሳሳታለህ። ከግራ ሲታይ የዕቃው ፊት በተመልካቹ ቀኝ እጅ በኩል ይውላል፤ ስለዚህ በዚያ የጎን እይታ ላይ የዕቃውን ፊት የሚያሳየው ከፊት እይታው የራቀው የቀኝ ጠርዝ ነው፤ አንተ በመጀመሪያው ንባብህ የቀረበውን የግራ ጠርዝ እንደ ፊት ወስደህ ነበር። የቀዳዳው ልኬት ከየትኛው ጠርዝ እንደተነሳ በሥዕሉ ላይ በጣትህ ተከትለህ እይ፤ በብረቱ ላይ «ፊት» እና «ግራ» ብለህ በኖራ ጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ትራፓኖው ውሰደው።