ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ እየከፈለ የምግብ ሥራ የሚያስለምድ ቤት

የቆጪ ልጅ፦ ሰላም ጅማዎች። ታናሽ እህቴ ምግብ ዝግጅት መማር ትፈልጋለች፤ ከፍሎ ለመማር ግን አቅም የለንም። ትንሽም ቢሆን እየተከፈላት የምትለምድበት ሆቴል የምታውቁ?

ሽንኩርት ልጣጭ፦ ተጠንቀቁ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ሆቴል "ለማጅ" ብሎ አስገባኝ። ክረምቱን ሙሉ ሽንኩርት ስልጥና ሰሃን ሳጥብ ከረምኩ። ቁሌት እንኳ አላስነኩኝም። ሼፉ ቅመም ሲጨምር ጀርባውን ያዞርብኝ ነበር! ስወጣ ደግሞ ለተሰበረ ብርጭቆ ብለው ከኪስ ገንዘቤ ቆረጡ።

መ. ከአጂፕ፦ ውይ! የቱ ነው? በውስጥ ንገረኝ።

ቦሳ፦ ገምቻለሁ። በሩ ላይ ትልቅ ጀበና ያለው አይደል?

ሽንኩርት ልጣጭ፦ አይደለም። ጣጣ ውስጥ አታስገቡኝ።

የሽሮ ወዳጅ፦ መርካቶ ጀርባ እትዬ ቤት ውሰዳት። ሽሮዋ ጣት ያስቆረጥማል።

የቆጪ ልጅ፦ ለማጅ ትቀበላለች? ትከፍላለች?

የሽሮ ወዳጅ፦ እሱን እንጃ። ሽሮዋን የቀመሰ ግን ሌላ ቤት አይሄድም።

መ. ከአጂፕ፦ በቃ ደሞዟን በሽሮ ትቀበላ።

ቦሳ፦ ቡና አገር ተቀምጣችሁ ምን ወጥ ያሠራችኋል? ባሪስታ ትሁን።

ጡረተኛው ሼፍ፦ ልጆች፣ ሰውየው የጠየቀው ሌላ ነው። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ካለው ጠይቁ። እዚያ ከገባች ሆቴል ወጥታ ትለማመዳለች፣ ስትጨርስ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ትፈተናለች። ቀጥታ ሆቴል ከገባች ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የለማጅ ውል ላይ የሙያው ዓይነት፣ የሥልጠናው ጊዜና ክፍያው ይሰፍራል። "ሙከራ ላይ ነሽ" ካሏትም ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም፣ ደሞዝም አለው። 18 ካልሞላት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም ማሠራት ክልክል ነው። ሥራ ለመጠየቅ ምሳ ሰዓት እንዳትሄዱ፣ ማንም ሼፍ ቀና ብሎ አያያችሁም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሻላል። "መቼ ነው ምድጃ ላይ የምቆመው?" ብላ ትጠይቅ። መልስ ከሌላቸው የፈለጉት ዕቃ አጣቢ ነው።

ሽንኩርት ልጣጭ፦ ይሄን ያኔ የነገረኝ ባገኝ ኖሮ!

የቆጪ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። 17 ዓመቷ ነው። ዋስ ይጠይቃሉ እንዴ?

ሽንኩርት ልጣጭ፦ እኔን ጠይቀውኛል። ለብርጭቆው ይሆናል።

የሽሮ ወዳጅ፦ እትዬ ዋስ አትጠይቅም።

መ. ከአጂፕ፦ ሽሮውን በኪሎ ትሸጣለች ግን?

የሽሮ ወዳጅ፦ አትሸጥም። ሄደሽ ብዪ።