አስቸኳይ፦ የግቢው ሽንት ቤት ሞልቶ ፈሰሰ፣ ውሃውም ይሸታል

የጨርቆስ ልጅ፦ ወገኖች ድረሱልን። ቀበሌ ቤት ነን፣ ግቢው ሁሉ የሚጠቀመው አንድ ሽንት ቤት ነው። ሞልቶ እስከ ቧንቧው ድረስ ፈሷል። ዛሬ በፈረቃ የመጣው ውሃ ደፍርሷል፣ ይሸታል። ሁለት ሕፃናት ያስቀምጣቸዋል። ለጀሪካን ስንት በረኪና ልጨምር?

ሲስተር ማ.፦ ጀሪካኑ ስንት ሊትር ነው? በረኪናው 5 ፐርሰንት፣ ሽቶ የሌለበት ከሆነ ለጠራ 20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በሲሪንጅ ለኪው፣ በክዳን አትገምቺ። ከደፈረሰ ነጠላ አራት አጥፈሽ አጥልይና 4 ሚሊ አድርጊ። በጥብጠሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ክሎሪን ክሎሪን ካልሸተተ ያንኑ ያህል ጨምረሽ 15 ደቂቃ ቆዪ። ፀሐይ ላይ የተሸጠ በረኪና ኃይሉ ይደክማል።

አዜብ፦ አፍሉት በቃ።

ደረጀ፦ እኔም ማፍላት ነው የምለው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ቧንቧ ሠሪው፦ ጥያቄውን አልስማማበትም። ፍሳሽ ፍሳሽ የሚሸት ውሃ በበረኪና አይጠጣም! ፈረቃው ሲያልፍ መስመሩ ባዶ ይሆንና በላላ መገጣጠሚያ የዙሪያውን ቆሻሻ ይስባል። ውሃው ሲመለስ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ሽታው እስኪለቅ አፍስሱት፤ ካልለቀቀ ከሌላ ግቢ ቅዱ። ለውሃ ቅርንጫፉ ስትደውሉ «ደፈረሰ» ሳይሆን «ፍሳሽ ገብቶበታል» በሉ፣ የቆጣሪውን ቁጥርም ስጡ።

የካዛንቺሱ፦ ማዶ ያለው ፎቅም ያው ፈረቃ ነው ያለው፣ ግን ሮቶ አለው፣ ሽንት ቤቱም የየራስ ነው። በሽታው ቀበሌ ቤት የሚበረታው ለዚህ ነው፣ «ንጽሕና አይጠብቁም» የሚባለው ያናድደኛል። ከአዋጅ 47/1967 ወዲህ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ተከራይ በራሱ ጉድጓድ ልቆፍር ቢል ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ ስለ ሽንት ቤቱ ማመልከቻ ስትጽፉ ግቢው በሙሉ ይፈርም፣ ለጤና ጣቢያውም ግልባጭ ይግባ።

የጨርቆስ ልጅ፦ 25 ሊትር ነው። የፍሳሽ መኪና ደግሞ መንገዱ አያስገባውም።

ቧንቧ ሠሪው፦ መኪናው ከሚቆምበት እስከ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ቱቦ ይቀጥላሉ። ጨርቅና ፌስታል ጉድጓዱ ውስጥ ካለ ቱቦው ይደፈናል፣ እሱንም አትደብቁ።

አዜብ፦ ማፍላት ይሻላል አልኩ እኮ።

ሲስተር ማ.፦ ለ25 ሊትር ከጠራ 2.5 ሚሊ፣ ከደፈረሰ አጥልለሽ 5 ሚሊ፣ ያውም ሽታው ከለቀቀ ብቻ። የፈሰሰበትን መሬት አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ እጠቡ፤ ከአሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል። ለልጆቹ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ፣ በማንኪያ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተሽ ቀስ እያልሽ ስጪው። ጡት አይቋረጥ። ዚንክ ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ደም ካለው ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ። በአንድ ግቢ ሁለት ልጅ ስለታመመ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዛሬውኑ ይነገራት፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሊሆን ይችላል።

ስንት ዓመታቸው ነው? ሽንት እየሸኑ ነው?