ኃይሌ ገሪማ በምን ገንዘብ ነው ፊልም የሠሩት?

ጀማሪ_ነኝ፦
ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ሳንኮፋ»ን አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ሆሊውድ ሳይገቡ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ዘለቁት? እኔ በቅርቡ ማስተማር ልጀምር ነው፣ ጓደኞቼ ደግሞ «ጠመኔ ከያዝክ ካሜራውን እርሳው» እያሉ ልቤን ሰበሩት።

የዲሲው፦
አትስማቸው ባክህ። ሰውየው እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመሩት በ1975 ነው (በፈረንጆቹ)፣ «ሳንኮፋ»ም «ጤዛ»ም ከዚያ በኋላ ነው የመጡት። እኔ እንደሚገባኝ የወር ደሞዝ ያለው ሰው «ይሄን ትዕይንት ቀይረው» ሲሉት እምቢ ማለት ይችላል፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ግን አይችልም። «ሳንኮፋ» በ1993 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሮ አሜሪካ ሲመለስ አከፋፋይ ጠፋ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና (እሷም የፊልም ሰው ናት) ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ዞረው አሳዩት። ሰው ለሰው እየነገረ ወረፋ ተሰለፈ። በኋላ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤትና ካፌ ከፈቱ። እኔ ቡና የምጠጣው እዚያ ነው፣ መደርደሪያው በጥቁሮች ታሪክ የተሞላ ነው።

ጎንደሬው፦
መዞሩስ ከቤት የመጣ ነው 😀 አባታቸው ገሪማ ታፈረ ቴአትር ጽፈው በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር።

እቴነሽ፦
አታሞኙት እንጂ! ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» 15 ዓመት ነው። በመሃል የሠሩት ዶክመንተሪ ነው፣ አንዱ በ1999 የወጣው የዓድዋው። «ጤዛ» በ2008 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሁለት ሽልማት ወሰደ፣ እሰየው፣ ግን 15 ዓመት የተማሪ ወረቀት እያረሙ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። ትዕግሥት ከሌለህ ከአሁኑ ተወው።

የዲሲው፦
እሱስ ልክ ነሽ። ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አትርሺው። በ1974፣ ገና ተማሪ እያሉ፣ ለእረፍት አገር ቤት መጥተው በሁለት ሳምንት ነው የቀረጹት። ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር። አብዮቱ እየፈነዳ!

ጀማሪ_ነኝ፦
ሁለት ሳምንት?! እኔ እኮ የክረምቱ እረፍት ሁለት ወር ነው። እሺ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ በርካሽ የሚያከራይ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።