እጮኝነቴ ከፈረሰ በኋላ በአሜሪካ አዲስ ሰው መፈለግ

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት ነው፤ በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ዕጣው ሲደርሰኝ አዲስ አበባ ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ከኤምባሲው ቀጠሮ በፊት ተጋብተን አብረን እንድንገባ የመከሩን ብዙዎች ነበሩ፤ እናቴ ግን «ለዲቪ ሲባል ተጣደፈ» እንዳይባል ሠርጉ በወጉ ይሁን ብላ አጥብቃ ስለጠየቀች ብቻዬን መጣሁ። እጮኛን በእጮኛ ቪዛ ማስመጣት የሚችለው ዜጋ ብቻ ስለሆነ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ላለኝ ለእኔ የቀረው መንገድ ተመልሼ ማግባትና ማመልከቻ አስገብቶ ተራ መጠበቅ ነበር። ለትኬቱ ገንዘብ በማጠራቅምበት ጊዜ፣ እኔን ሊጠይቁ መጥተው የነበሩት እነዚያው ሽማግሌዎች አባቴ ቤት ተመልሰው ሄዱና ልጁ መጠበቁ ከብዶት ነገሩ እንዲቀር መወሰኑን ተናገሩ።

ቅያሜው አልፎልኛል፤ የምጠይቀው ስለወደፊቱ ነው። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በአብዛኛው በሌሊት ሺፍት በመሆኑ ሰው የማገኘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በስልክ መተዋወቂያ ነው። በስልክ የሚጽፉልኝ ወንዶች ሰላምታውን ሳይጨርሱ «በምን ገባሽ? ወረቀት አለሽ?» ይላሉ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የማን ልጅ እንደሆንኩና ቀለበቴ ለምን እንደፈረሰ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ታጭቼ እንደነበር ለአዲስ ሰው መቼ ልንገረው? ወረቀት ፈላጊውንስ በምን ልለየው?

አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ የታጨች ሴት የተፈታች ሴት አይደለችም። ቀለበት ማሰር ብቻውን ጋብቻ ስላልሆነ በተክሊል ለማግባትም እንቅፋት አይሆንብሽም፤ ከተጠራጠርሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ስለዚህ እንደ ነውር ደብቀሽ አትያዥው። በዚህ በእኛ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐበሻው ብዙ ቢሆንም ወሬው እንደ አንድ ሰፈር ነው፤ አንቺ ካልነገርሽው ያቺ አጠገብሽ የምትቀመጠው ትነግረዋለች፣ ጨምራበት። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቡና ስትጠጡ፣ እሱ ስለ ራሱ ሲያወራ፣ «ታጭቼ ነበር፤ በርቀቱ ምክንያት ቀረ» ብለሽ በአጭሩ ተናግረሽ ጨርሺው። የቀድሞውን ልጅ አትሚው፤ ሐሜቱ የሚያስገምተው አንቺን ነው። ደግሞ እኔ ልጁን ብዙም አልጠላሁትም። በዚህ ዘመን በስልክ መልእክት የሚያቋርጥ ሞልቶ ሳለ፣ ሽማግሌዎቹን መልሶ ወደ አባትሽ መላኩ አስተዳደግ አለው ያሰኛል።

የሕግ አስተርጓሚ፣ ከዳላስ

እኅታችን፣ በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ለዓመታት ሳስተረጉም ካየሁት ልናገር። «ወረቀት አለሽ?» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነገ የት እንደሚያድር ስለማያውቅ ይህን አስቀድሞ ቢያነሳ አይፈረድበትም። እርስዎ መመልከት ያለብዎት ጥያቄውን ሳይሆን ችኮላውን ነው። ግሪን ካርድ ካገኙ 5 ዓመት ሲሞላዎ ዜግነት መጠየቅ ይችላሉ፤ የዜጋ ባል ደግሞ የግሪን ካርድ ባለቤት ባል የሚጠብቀውን ተራ አይጠብቅም፤ በሕጋዊ ቪዛ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከአገር ሳይወጣ ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ወደ አምስተኛው ዓመት በተጠጉ ቁጥር ፈላጊው እንደሚበዛ ይወቁት። ስለ ቤተሰብዎና ስለ ሥራዎ ሳይጠይቅ ዜግነትዎ መቼ እንደሚደርስ የሚያሰላ፣ ቤተሰቡን ለማስተዋወቅ እየዘገየ ለፊርማ የሚቸኩል ሰው ካጋጠመዎ ይራቁት።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። ባልዎን ስፖንሰር ሲያደርጉ የሚፈርሙት አይ 864 የተባለው ቅጽ የገንዘብ ኃላፊነት የሚያሸክም ውል ነው፤ ቢፋቱ እንኳ አይቀርም። ኃላፊነቱ በአብዛኛው የሚያበቃው እሱ ዜጋ ሲሆን ወይም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት ነው። ለወረቀት ብቻ ተብሎ የሚፈጸም ጋብቻ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ «እየከፈልኩሽ እንፈራረም» የሚል ቢመጣ ጨዋታ እንዳይመስልዎ።

ወንድም፣ ከሲያትል

እኔ በሌላው ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እጮኛዬ ቀድማኝ ገብታ አዲስ አበባ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እናታችን ከአሌክሳንድሪያ ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን «በርቀቱ ምክንያት ቀረ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ሰው መስማት የሚፈልገው ለምን እንደቀረ ሳይሆን አሁንም ትደዋወሉ እንደሆነ ነውና ሳይጠይቅሽ ንገሪው። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሺፍትሽ አስቢ። ሌሊት እየሠራሽ፣ ቀን እየተኛሽ፣ እሑድን በቅዳሴና በልብስ ማጠብ እየጨረስሽ ማንን ታገኛለሽ? በሳምንት ሁለት ምሽት እንኳ ነፃ የሚያደርግሽ ፕሮግራም ለምኝ። በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ በጁላይ 4 በዓል ሰሞን ይካሄዳል፤ እዚያ የተገናኙና የተጋቡ ጥንዶች አውቃለሁ። እርግጥ በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው ቸርና ዘናጭ ስለሚሆን፣ የተዋወቅሽውን ሰው ወደ ከተማው ተመልሶ ሥራ ሲገባ እይው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሺፍቴ እንዲቀየርልኝ አመልክቻለሁ። ከመዘምራኑ አንዱ ቡና እንድንጠጣ ጠይቆኝ ሰበብ እየፈለግሁ ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድ እሺ እለዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቶብኛል፤ ቀለበቱና ለጥሎሽ የመጣው የአንገት ወርቅ እስካሁን እናቴ ዘንድ ነው። ልመልሰው ወይስ ይቅር?

አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ያፈረሰው እሱ ስለሆነ አይመለስም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ይመለስ ባይ ነኝ። እናትሽ ለልጁ በቀጥታ አትስጠው። እነዚያው ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ ወርቁ አባትሽ ባሉበት ተቆጥሮ በእነሱ እጅ ይሂድ፤ የተቀበሉትም በወረቀት ላይ ይፈርሙ።