ኤ ዜሮ ሞገዴ ለምን ይዘገያል?

ሰላም ወገኖች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

በአባከስ ኤክስፕሊሲት (ንዝረትን የመሰለ ፈጣን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር) የላምብ ሞገድ፣ ማለትም በቀጭን ላሜራ ውስጥ የሚጓዝ የንዝረት ሞገድ፣ ለማስኬድ እየሞከርኩ ነው። የአሉሚኒየም ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። መሃሉን በ200 ኪሎ ኸርዝ፣ አምስት ዙር ባለው ምት እቀሰቅሰዋለሁ። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለውን ነጥብ አነባለሁ።

ሞገዱ እዚህ በሁለት ዓይነት ይጓዛል፦ ላሜራውን እየሳበና እየገፋ የሚሄደው ኤስ ዜሮ እና እያጠፈው የሚሄደው ኤ ዜሮ። ፈጣኑ ኤስ ዜሮ ችግር የለበትም። በሰከንድ 5400 ሜትር ገደማ እየበረረ በሰዓቱ ከች ይላል። ጉዱ ያለው ኤ ዜሮ ላይ ነው። በ90 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ መድረስ ሲገባው 120 ላይ ይመጣል፤ ያውም ጭራውን እየጎተተ።

የምጠረጥረው ሜሹን ነው፤ ላሜራው ለስሌት ወደ ትናንሽ ቁራጮች (ኤለመንቶች) የተከፋፈለበትን መረብ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ የኤ ዜሮ የሞገድ ርዝመት 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ የኔ ኤለመንት ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር። ለአንድ የሞገድ ርዝመት ቢያንስ 10፣ ከተቻለ 20 ኤለመንት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በውፍረቱ በኩል ያለችው አንዲት ባለ ስምንት ኖድ (የማዕዘን ነጥብ) ኤለመንት ብቻ ናት፤ እሷም ሪዲውስድ ኢንተግሬሽን (ስሌቷ በመሃሏ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚሠራ) ስለሆነች መታጠፍን በቅጡ አትቋቋምም። ኤ ዜሮ ደግሞ ዋና ሥራው መታጠፍ ነው!

ኤለመንቱን 0.25 ሚሊ ሜትር ሳደርገው 16 ሚሊዮን ኤለመንት ወጣ። ባለ 16 ጊጋ ራም ላፕቶፔ እዚያው ቀጥ አለ፤ ፋኑ ብቻ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

ወደ ሼል ኤለመንት (ላሜራውን እንደ ገጽ ብቻ ወስዶ ውፍረቱን በስሌት ወደሚያስገባው) ብዞር በዚህ ፍሪኩዌንሲ ኤ ዜሮ በትክክል ይወጣልኛል? ስሌቱን ለማቅለል የላሜራውን ሩብ ብቻ በሲሜትሪ እንዳልሠራ፣ ኋላ ሲሜትሪውን የሚያፈርስ ከመሃል ወጣ ያለ ስንጥቅ መጨመር አለብኝ።