ጥያቄ፦ አሠልጣኙ አጥቂ ይላሉ፣ ደቂቃዎቹ ሌላ ይላሉ፤ ከአዲሱ የውድድር ዘመን በፊት የቱን ቦታ እናስቀድም?

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ክለብ የቴክኒክ ክፍል እሠራለሁ፤ ፋሲል ከነማ አይደለም። ቦርዱ ለ4 አዲስ ተጫዋች በጀት ይዟል። ከዝውውሩ በፊት «የትኛው ቦታ ይቅደም፣ ለምን» የሚል ወረቀት እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። አሠልጣኛችን የሚፈልጉት 2 አጥቂ፣ 1 አጥቂ አማካይ እና 1 የመስመር አጥቂ ነው። ምክንያታቸው በ30 ጨዋታ ያገባነው 28 ጎል ብቻ መሆኑ ነው። እኔ ደቂቃዎቹን ስደምር ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ግን በምን ላስረዳቸው?

አሰላለፋችን 4-3-3 ነው፣ ከተከላካዮቹ ፊት አንድ የተከላካይ አማካይ እናቆማለን። ሰው የለቀቀባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

ግራ መስመር ተከላካይ፦ 2,520 ደቂቃ (33 ዓመት፣ ለቋል)፤ 180 (19 ዓመት)።
የመሃል ተከላካይ፦ 2,610፤ 1,950፤ 690 (ለቋል)፤ 150።
የተከላካይ አማካይ፦ 2,160 (31 ዓመት)፤ 450 (ለቋል)፤ 90።
አጥቂ፦ 1,710 ደቂቃ 9 ጎል፤ 780 ደቂቃ 4 ጎል (ለቋል)፤ 210 ደቂቃ 1 ጎል (20 ዓመት)።

የተቆጠረብን 34 ነው። 12ቱ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት፣ 13ቱ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የገቡ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ የተቆጠሩ አሉ። የሁሉም ጨዋታ ቪዲዮ አለኝ።

አንገረብ

ወንድሜ፣ የለቀቀውን ሰው ሳይሆን ይዞት የሄደውን ደቂቃ ቁጠር። 30 ጨዋታ በ90 ሲባዛ አንድ ቦታ 2,700 ደቂቃ ይፈልጋል፣ 11ዱ ቦታ 29,700። ከእናንተ የሄዱት 4 ሰዎች በድምሩ 4,440 ይዘው ሄደዋል፤ 15 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ 2,520ው የወጣው ከአንድ ቦታ ነው! ግራ መስመር ላይ 93 በመቶው ደቂቃ ሄዶ የቀራችሁ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ያህል የተጫወተ ልጅ ነው። አጥቂ ላይ የሄደው 29 በመቶ፣ የተከላካይ አማካይ ላይ 17፣ የመሃል ተከላካይ ላይ 13 ነው። በአሠልጣኙ ዝርዝር ውስጥ ግራ ተከላካይ የሚል ቃል እንኳ የለም።

ወደ አጥቂዎቹ ስንመጣ፣ ጎሉን ለደቂቃው አካፍልና በ90 አባዛ። የመጀመሪያው 0.47፣ የለቀቀው 0.46 ይወጣላቸዋል። ሦስተኛው 0.43 ቢያሳይም በ210 ደቂቃ ማንንም አትመዝን፣ አንዷ ጎል ባትገባ ዜሮ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ካለበት ቀንሰህ እንደገና አስላ። የአጥቂ ቦታችሁ ማንም ቢሰለፍበት በሁለት ጨዋታ አንድ ጎል ገደማ ይሰጣል። ከ28ቱ 14 የመጣው ከዚያ ነው፤ የቀረውን 14 ሌሎቹ ሁሉ ተካፍለውታል። ይህ የአጥቂ ድክመት አይመስለኝም።

ግን ገና አትፍረድ። ቪዲዮውን ከፍተህ አጥቂው በጨዋታ ስንት ጊዜ ሳጥን ውስጥ (የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ) ወደ ጎል እንደመታ ቁጠር። 3 እና 4 ጊዜ እየመታ 0.47 ከሆነ አጨራረሱ ላይ ችግር አለ፣ አሠልጣኙ ልክ ናቸው። 1 ጊዜ እየመታ ከሆነ ኳስ አይደርሰውም ማለት ነው፤ ያኔ ሁለት አጥቂ ብትጨምሩ ሁለቱም ኳስ ሲጠብቁ ይውላሉ።

አዘዞ ፊዚዮ

እኔ ዓይኔ ያረፈው 13ቱ ላይ ነው። ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ጊዜ የጨዋታው አንድ ስድስተኛ ነው። ጎል እኩል ቢከፋፈል ከ34ቱ ወደ 6 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ተጨማሪ ሰዓት ስላለና ተጫዋች ስለሚደክም መጨረሻ ላይ ትንሽ መብዛቱ የተለመደ ነው፤ እጥፍ ሲሆን ግን መመርመር አለበት።

ሦስት ነገር ለይልን። አንደኛ፣ ጎሉ ሲገባ ሜዳ ላይ የነበሩት እነማን ናቸው? ሁለተኛ፣ 5 ቅያሪ ተፈቅዶ በአማካይ ስንት ተጠቀማችሁ፣ የመጀመሪያውስ በስንተኛው ደቂቃ? ቅያሪ በጨዋታ መሃል በ3 አጋጣሚ ብቻ ስለሚፈቀድ አንድ አንድ እያደረጉ 3ቱን የጨረሱ ቡድኖች ሁለት ቅያሪ ሳይጠቀሙ ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ ጨዋታዎቹ በ4 እና በ5 ቀን ልዩነት የተደራረቡ ነበሩ? ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው ሲጫወቱ ይህ ይበዛል፤ እንዲህ ባለው ውድድር 11 ጥሩ ልጅ ይዞ መዝለቅ አይቻልም።

ጉዳትን በተመለከተ «ስንቴ ተጎዳ» ብለህ አትመዝግብ፣ «ስንት ጨዋታ አመለጠው» በል። የታፋ ኋላ ጡንቻው ተጎድቶ የሚያውቅ ተጫዋች ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። እንዲህ ያለው ልጅ ወረቀትህ ላይ እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠርም። ባለፈው ዓመት ግማሹን ካመለጠው ለመጪው 60 በመቶ ደቂቃ ብቻ አስብለት፣ ቀሪውን ለሌላ ስጥ።

ደግሞ የጎንደርን ክረምት አስታውሱ። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ጭቃ ነው፣ አየሩም ብርድ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ታሠራለች፤ ሙቀትን ግን አታለማምድም። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ወርዶ ለመጫወት ሰውነት ሙቀቱን የሚለምደው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለ ጊዜ ነው። የመጨረሻው ደቂቃ ጎል ቆላ ከተማ ላይ በዝቶ ከሆነ መድኃኒቱ ዝግጅቱን ማስተካከል ነው፣ ዝውውር አይፈታውም። ጎሎቹን በከተማም ለያቸው።

የፒያሳው

12 የቆመ ኳስ ጎል (ከማዕዘንና ከቅጣት ምት የገባው) ሲባል ሰው ሁሉ «ረጅም ተከላካይ እንግዛ» ይላል። ቆይ! ለእያንዳንዱ ጎል አራት ነገር ጻፍ፦ ኳሱ የተላከው ወደ ቅርቡ የጎል ቋሚ ነው ወደ ሩቁ፣ መጀመሪያ የነካው ማን ነው፣ ጎል አግቢውን የለቀቀው ማን ነው፣ ጎሉ ከመጀመሪያው ንክኪ ነው ወይስ ተመልሶ ከወጣ ሁለተኛ ኳስ። በጭንቅላት ተሸንፋችሁ ከሆነ ቁመት ያስፈልጋል። ቅርቡ ቋሚ ባዶ ሆኖ ከሆነ አንድ ሰው ማቆም ይበቃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ ኳስ ከሆነ ሳጥኑ ጫፍ ላይ የሚቆም ሰው ጠፍቷል።

የመሃል ተከላካዩን ግን እንደ አንገረብ ዝቅ አላደርገውም። የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ሦስተኛው 150 ደቂቃ ብቻ ያየ ነው። አንዱ ቀይ ካርድ አይቶ ሌላው ቢጎዳ ምን ልትሆኑ ነው? ለቋሚ ተሰላፊነት ሳይሆን ለአራተኛነት፣ በዝቅተኛ ደመወዝ አንድ ሰው ይያዝ።

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለት ሌሊት ቪዲዮው ላይ አደርኩ። የአጥቂ ቦታችን በጨዋታ በአማካይ 1.3 ጊዜ ነው ሳጥን ውስጥ የመታው። ከ12ቱ የቆመ ኳስ ጎሎች 7ቱ ተመልሶ ከወጣ ሁለተኛ ኳስ ናቸው፤ በጭንቅላት የተሸነፍነው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ከ13ቱ የመጨረሻ ሰዓት ጎሎች 8ቱ የገቡት የ31 ዓመቱ የተከላካይ አማካያችን ተቀይሮ ከወጣ በኋላ ነው። በከተማ ስለይ ልዩነት አላገኘሁም። የመጀመሪያ ቅያሪያችን አብዛኛውን ጊዜ ከ70ኛው በኋላ ነው።

አንገረብ

መልሱ ራሱ መጣልህ! ሁለተኛ ኳስ የሚነሳው ሳጥን ጫፍ ላይ ነው፣ የተከላካይ አማካይ የሚቆምበት ቦታ። 8ቱም ጎል እሱ ሲወጣ ነው የገባው። ሁለቱ ችግር አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ያ ሰው 31 ዓመቱ ነው፣ የቀረው ምትክ ደግሞ 90 ደቂቃ ብቻ የተጫወተ። ደቂቃ ብቻ ስቆጥር 17 በመቶ ብዬ ዝቅ አድርጌው ነበር፣ ተሳስቻለሁ፤ ይህ ቦታ ሁለተኛ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው፦ ግራ መስመር ተከላካይ (በቀጥታ ቋሚ የሚሆን)፣ የተከላካይ አማካይ (ከ24 እስከ 27 ዓመት፣ በመጀመሪያው ዓመት 1,200 ደቂቃ ገደማ የሚካፈል)፣ ኳስ ወደ ሳጥን የሚያደርስ የመስመር አጥቂ ወይም አጥቂ አማካይ፣ የፒያሳው እንዳለው አራተኛ የመሃል ተከላካይ። ሦስተኛው አሠልጣኙ የጠየቁት ነው። ወረቀቱን ስታቀርብ ከእሱ ጀምርላቸው፣ 1.3ን አሳያቸው፤ የእሳቸው ሐሳብ ግማሹ ልክ መሆኑን ያያሉ፣ ቀሪውን ለመስማት ጆሯቸው ይከፈታል።

አጥቂ ላይ የ20 ዓመቱ ልጅ የለቀቀውን አጥቂ 780 ደቂቃ ይውረስ። እዚሁ ያየነው ነገር ነው፤ ፋሲል በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ካነሳ በኋላ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያ ሲሄድ የእሱን ያህል የሚያገባ ሌላ ሰው ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ጎል አግቢ ውድ ነው፤ አቀባይ ግን በዚያ ዋጋ ሁለት ይገኛል።

ሳሙና በር

የውሉን ነገር ማንም አላነሳም። ሠንጠረዥህ ላይ ውሉ በመጪው ዓመት የሚያልቀውን ሁሉ በቀይ አቅልም። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። 9 ጎል ያገባው አጥቂያችሁ ከነዚህ አንዱ ከሆነ አሁን ካላደሳችሁ የሚቀጥለው ክረምት ጥያቄህ ከዚህ ይብሳል። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከ3 ዓመት በላይ ማስፈረም አይቻልም።

የሕክምና ምርመራ ከፊርማ በፊት ነው፣ በምንም ምክንያት አታሳልፉት። «ምርመራውን ካለፈ ውሉ ይጸናል» የሚል አንቀጽ በደንቡ ተቀባይነት የለውም፤ ከፈረማችሁ ጉልበቱ ተበላሽቶ ቢገኝም ውሉ ይያዛል። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ልብ ይታይ። ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ ዓለም አቀፍ የዝውውር የምስክር ወረቀቱ የዝውውር መስኮቱ (የማስፈረሚያው ጊዜ) ሳይዘጋ መጠየቅ አለበት፣ ቅዳሜና እሑድ ጠብቃችሁ እንዳትቃጠሉ።

ለእያንዳንዱ ቦታ 3 ስም በቅደም ተከተል ይኑርህ። አንድ ስም ብቻ ይዞ የሚደራደር ክለብ መደራደሪያ የለውም፣ ወኪሉም ያውቀዋል።

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)

ለግራ መስመር ሁለት ልጅ ለሙከራ ይመጣሉ። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ ምን ልይ?

የፒያሳው

በመጀመሪያው ቀን እየሮጠ 10 ኳስ ያሻማ፣ 5 ከጥልቀት፣ 5 ከማዕዘኑ መስመር አካባቢ። የመጀመሪያውን ተከላካይ ስንቱ እንዳለፈ ብቻ ቁጠር፣ ጎል መግባት አለመግባቱን ተወው። ከዚያ ፈጣኑን የቀኝ ክንፋችሁን አንድ ለአንድ ስጠው፣ 8 ጊዜ። ዘሎ የሚገባ ነው ወይስ ወደ ውጭ እየገፋ ጊዜ የሚገዛ?

ሁለተኛው ቀን 11 ለ11 ይሁን፣ ከ60 ደቂቃ ያላነሰ። ኳሱ በቀኝ በኩል ሲሆን አንተ እሱን ብቻ እይ። ከጀርባው ያለውን ክንፍ ለማየት አንገቱን ያዞራል? በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ካዞረ ጥሩ ነው። ኳሱን ብቻ እያየ ከቆመ፣ ከሩቁ ቋሚ በኩል የሚገባባችሁን ጎል ከአሁኑ አይተኸዋል። ከ50ኛው ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና ቁጠርለት፤ ሲደክም መጀመሪያ የሚቀረው ይሄው አንገት ማዞር ነው።